አርባ ሁለት በር በቀይ ቀለም

ምልክት ሳላደርግበት የማልፈው ነገር የለም። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ኩሽናዬ ውስጥ በርበሬውም፣ ሽሮውም፣ ጨውም ዕቃቸው ላይ ስማቸው ተጽፎ ነው የተደረደሩት። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ጨው ሲፈልጉ ግን ማንንም ሳይጠይቁ ያገኙታል። ቡራዩ ላይ የሆነውም ሁሉ የሆነው በዚህ ጠባዬ ነው፤ በማንም አላመካኝም።

በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ካቶሊኮች ተባብረን ቤት ለቤት መዞር ጀመርን። ቄስም ሲስተርም አልነበረም በመካከላችን፤ ሁላችንም ተራ ምእመናን ነን፤ አስተማሪ አለ፣ ግንበኛ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ እንደኔ ያለ ጡረተኛ አለ። ሥራችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሆኖ በር ማንኳኳት፣ የታመመ ካለ መጠየቅ፣ ከአገር ቤት መጥቶ ቤተ ክርስቲያን የት እንዳለ ሳያውቅ የቀረ ካቶሊክ ካለ ፈልጎ ማግኘት ነበር። የማንንም ሃይማኖት ለማስቀየር አልወጣንም። በር ላይ ቆመን ይህን ስንናገር የሚያምነን ግን ጥቂት ነበር።

አንድ ደንብ ነበረን፤ ሰው በገዛ ከተማው አይላክም። በሰፈሩ ከዞረ ያኮረፈውን ቤት እየዘለለ ያልፋል፣ የሰማውንም ይዞ ሐሜት ውስጥ ይገባል ተብሎ ነው። የሱሉልታዎቹ ወደ ሰበታ፣ የቡራዩዎቹ ወደ ሱሉልታ፣ እኛ የሰበታዎቹ ደግሞ ወደ ቡራዩ ተመደብን። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ባልሆንም አጨብጭቤለታለሁ። ሰፈሩን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ያሰበ አልነበረም።

ከእኔ ጋር የተጣመሩት የዓለም ገና ገበሬ ነበሩ፤ ሰባ ዓመት የተጠጋቸው፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። ሁላችንም «ኦቦ» ብቻ ነበር የምንላቸው። በር ሲከፈት «አካም ቡልታን?» ብለው ይጀምሩና፣ የቤቱ ሰው በኦሮምኛ ከመለሰ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ከመለሰ በአማርኛ ይቀጥላሉ። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። እኔ ችኩል ነኝ። እሳቸው የአንዱን ቤት ሰላምታ ሳይጨርሱ እኔ ሁለት ቤት አንኳኩቼ እመለሳለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ተጣላን፤ ማለቴ እኔ ተጣላሁ፣ እሳቸው ልብም አላሉኝ።

የደረሰን ሰፈር ከዋናው አስፋልት በላይ ዳገቱ ላይ የተሰቀለ ነው። ባጃጅ እስከ ግማሹ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጭቃው የእግር ብቻ ነው። ሦስት ጥንድ ሆነን ተከፋፈልነው፤ ግን መንገዱ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስለነበር ማን የት እንደጀመረ ጠፋብን። አንዷ ሴትዮ ሦስተኛው ጥንድ ሲያንኳኳ በሩን ከፍታ፣ «ዛሬስ ስንት ጊዜ ነው ደህና ነሽ ወይ የምትሉኝ? ደህና ነኝ አልኩ እኮ!» ብላ መልሳ ዘጋችው። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተናደድኩ፤ መዝገብ የሌለው ሥራ ያንገበግበኛል።

ለሁለተኛው ቅዳሜ መፍትሔ ይዤ መጣሁ። የቡራዩ ቁምስና የቤተ ክርስቲያኑን የብረት አጥር ሲያስቀባ የተረፈ ቀይ አንቲረስት፣ ዝገት የሚከላከል ቀለም፣ ነበረ፤ በቆርቆሮ ጣሳ ቀድቼ ብሩሽ ያዝኩ። የጎበኘነው ቤት በር ጥግ ላይ ትንሽ መስቀል፣ ከሥሩ የቤተሰቡን ቁጥር። ሰው ካጣንበት መስቀሉን ብቻ። ሌላ ጥንድ ሲመጣ አይቶ ያልፋል፤ አለቀ።

ኦቦ ጣሳውን አዩና «ቀይ መሆን አለበት?» አሉኝ።

«ያለው እሱ ነው።»

«ኖራ አይሻልም?»

«ኖራውንማ ዝናቡ ያጥበዋል፣ ኦቦ!»

ዳገቱን ቀድመውኝ መውጣት ጀመሩ፤ የረታሁ መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ እሳቸው ሰላምታ ሲሰጡ እኔ «ስንት ናችሁ?» እያልኩ ስጠይቅ፣ በሩ ሲዘጋ ደግሞ ጎንበስ ብዬ ስቀባ ዋልኩ። ፊታቸው ላይ ብቀባ ይቀየሙኛል ብዬ ነው በሩ እስኪዘጋ የምጠብቀው። በችኮላ ስለምስለው መስቀሉ ሁሉ ወደ ጎን ዘመም ያለ ነበር። አርባ ሁለት በር ቀባሁ። ከአርባ ሁለቱ ውስጥ ግቡ ያለን ቤት ከሦስት አይበልጥም፤ ሌላው በቀዳዳ ነው ያናገረን።

ከሦስቱ አንዱ ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለው የመጨረሻው ቤት ነበር። የቤቱ እመቤት ከፍታ አስገባችን። ባሏ ብሎኬት ማምረቻ ሥራ ላይ ነበር። ጥጉ ላይ አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ ቀኝ ጎናቸው የማይታዘዝላቸው አሮጊት ተጋድመዋል፤ የባልየው እናት ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ስትሮክ ሲመታቸው ልጃቸው ከሀዲያ አገር አምጥቶ እዚህ አኖራቸው። አማርኛቸው አጭር አጭር ነው፤ የሚሉት ግን አይጠፋም። አንገቴ ላይ ያለውን መቁጠሪያ ሲያዩ በግራ እጃቸው ጎትተው ያዙት።

«ካቶሊክ ነሽ?»

«አዎ እማማ።»

«እዚህ አለ እንዴ? ልጄ የለም ብሎኛል።»

ቤተ ክርስቲያኑ ከቁልቁለቱ በታች ነው፤ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ኦቦ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ቄሱ ቅዱስ ቁርባን ይዘው ቤት ድረስ ሊመጡ እንደሚችሉ ነገሯቸው። አሮጊቷ ደስ አላቸው፤ ግን ፊታቸው አልሞላም።

«ይምጡ፤ እሺ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። «እኔ ግን የናፈቀኝ ቅዳሴው ነው። ብቻዬን እጸልያለሁ፤ አራት ዓመት ብቻዬን። ሰው አብሮኝ ሲጸልይ መስማት እፈልጋለሁ። ሳልሞት አንድ ቀን።»

እኔ ደግሞ አፌ ይቀድመኛል። «ምን ችግር አለው እማማ፣ ያስቀድሳሉ!» አልኳቸው። ኦቦ ቀና ብለው አዩኝ፤ ያንን ዳገት፣ ያንን ጭቃ፣ መራመድ የማይችል ሰው። አንዴ ተናግሬያለሁ። በሩ ሲዘጋ ቀይ መስቀሌን ቀባሁ፣ ከሥሩም አምስት ብዬ ጻፍኩና ወረድኩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት የቁምስናውን ቄስ፣ አባን፣ ቀብር ገጥሟቸው ነበር፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቁርባኑን ይዤ እወጣለሁ አሉን። ይህንኑ ለአሮጊቷ ልንነግር ከኦቦ ጋር ስንወጣ፣ አንድ ሙስሊም ባለ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሴቱ ይጮኻል፣ ወንዱ ስልክ ይደውላል። በቀዳዳ ያናገሩኝ ሰዎች ሁሉ ውጭ ናቸው። ኦቦ ሰላምታቸውን ሰጥተው ምን እንደሆነ ጠየቁ።

«ሊያፈርሱን ነው» አለ ባለ ሱቁ። ጎልማሳ ነው፤ ንጹሕ ነጭ ኮፍያ አድርጓል። «በር በሩን በቀይ ኤክስ አድርገው ሄደዋል። ቁጥርም አላቸው። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሰዎች ስንት ናችሁ እያሉ መዝግበው ነበር አሉ። ወረዳ ሄደን ጠየቅን፣ እኛ አናውቅም ይላሉ። ያሳሰበንም ይሄ አናውቅም ማለታቸው ነው።»

ያን ሰሞን በከተሞቹ ዙሪያ ያለ ካርታ የተሠራ ቤት ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ነበር። በለገጣፎ በኩል ቤት የፈረሰበት ዘመድ የሌለው ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ቀይ ምልክት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔ አላውቅም ነበር። ካርታ ያለው ቤት ውስጥ ተቀምጬ ስኖር ቀይ ቀለም ለእኔ ቀለም ብቻ ነበር። ኦቦ ዞረው አዩኝ፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

ከሱቁ ጎን ያለችው ሽንኩርት ነጋዴ የጣሪያዋን ቆርቆሮ ግማሹን አውርዳው ነበር፤ ሲፈርስ እንዳይቀጠቀጥባት ብላ ነው። አልጋዋ ላይ ላስቲክ አልብሳለች፤ ላስቲኩ ላይ የሌሊቱ ዝናብ ተጠራቅሟል። ያንን ሳይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ዝም ብዬ ቁልቁል ልሄድ አሰብኩ። ማንም አላወቀኝም፤ ያን ቀን ነጠላ ተከናንቤ ነበር፣ ዛሬ ጃንጥላ ይዣለሁ። ሌሊት መጥተን እናጠፋዋለን፣ ማን ያያል፣ እያልኩ በልቤ እቅድ ሳወጣ ባለ ሱቁ ወሬውን ቀጠለ።

«የላይኛው ቤት ልጅማ መኪና ተከራይቷል። ነገ አራት ሰዓት ላይ እናቱን ወደ አገር ቤት ሊልክ ነው። ቤቱ ሲፈርስ ያቺን የማትንቀሳቀስ እናት ይዞ የት ይደርሳል?»

አባ ቁርባኑን ይዘው ሲወጡ አሮጊቷ መንገድ ላይ ይሆናሉ ማለት ነው። በዚያ ጭነት መኪና፣ በዚያ ዝናብ፣ ያንን ሁሉ አገር። ቅዳሴ ቀርቶ በሕይወት መድረሳቸውም ያጠራጥራል። ያባረርኳቸው እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ጮክ ብዬ ደገምኩት። «በሮቹን የቀባሁት እኔ ነኝ! ኤክስ አይደለም፣ መስቀል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣነው። የጎበኘነውን ቤት እንዳንደግመው ምልክት ማድረጌ ነው። ማንም አያፈርሳችሁም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሴቶቹ ጩኸታቸውን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ። ሽንኩርት ነጋዴዋ መጥታ ፊቴ ቆመች። «እጅሽን አሳዪኝ» አለችኝ። ዘረጋሁላት። አንቲረስት ሳምንት ሙሉ ቢፈትጉት ከጥፍር ሥር አይወጣም፤ አሥሩም ጥፍሬ ሥር ቀይ ነበር። ጥፍሬን አይታ ዓይኔን አየች። የሰደበችኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ይገባኝ ነበርና አልተቀየምኳትም። ስድቡን ስትጨርስ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቤቷ እንደማይፈርስ ያመነችው ያኔ ነው። ከዚያ ባለ ሱቁ መሳቅ ጀመረ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሌላው ተጋባ፤ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰፈር ጭቃው ላይ ቆሞ ሳቀብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ሲስቅብኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«እንግዲህ ያበላሸነውን እናጽዳ» አሉ ኦቦ፣ «ያበላሸነው» ብለው፣ «ያበላሸሽው» ሳይሉ።

ባለ ሱቁ ነጭ ጋዝና ቡትቶ ጨርቅ አውጥቶ ሰጠን። ከሱቁ በር ጀመርን። ጋዙ ሲነካው ቀለሙ ይለቃል፤ ግን ክንድ ይጠይቃል። አሥረኛው በር ላይ ስደርስ ትከሻዬ አለቀ። ማንም ሳይለምናቸው ሴቶቹ ጨርቅ እያመጡ አብረው ያሹ ጀመር። ወንዶቹ የሽንኩርት ነጋዴዋን ጣሪያ ሊመልሱ ወጡ፤ ኦቦ ሰባ ዓመታቸውን ረስተው ምስማር በአፋቸው ይዘው ጣሪያው ላይ ነበሩ።

የዚያን ቀኑን ነገር ግን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ባለፈው ቅዳሜ በቀዳዳ ያየኝ ሰው ሁሉ ዛሬ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ያሸሁት በር ሁሉ ግቢ አለኝ። አንዷ ቤት ንፍሮ፣ አንዷ ቤት እርጎ፣ አንዷ ቤት ሻይ። የኦርቶዶክስ ልብስ ሰፊ ባልና ሚስት፣ «በሉ እንግዲህ ጸልዩልን፣ ከገባችሁ አይቀር» አሉን። የታመመ ልጅ አሳዩን፣ ሥራ ያጣ ወንድም አስተዋወቁን፣ ከጉራጌ አገር የመጡ ሁለት የካቶሊክ ቤተሰቦች ራሳቸውን ገለጡ። ስብከት ተምሬ፣ ጽሑፍ ይዤ፣ በሥርዓት መዝግቤ ያልገባሁበትን ቤት በቡትቶ ጨርቅ ገባሁበት። ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ።

ሰማንያ ጊዜ ይቅርታ ብዬ የዳገቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ ግን የመጨረሻው በር ተዘግቶ ነበር። አጃቢዬ በዝቷል፤ ግማሹ ሰፈር ከኋላዬ ነው። ልጅየው ከፈተ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ እጁ በሲሚንቶ የተሰነጣጠቀ ሰው ነው። ከኋላው የታሰሩ ጓዞች ይታያሉ።

ነገርኩት። አላመነኝም።

«አንቺ ነሽ ስንት ናችሁ ብለሽ የመዘገብሽው» አለኝ። «ሰዉን አረጋግታችሁ ዕቃውን ሳያወጣ ልታፈርሱ ነው። ደላላ ነው የላከሽ? ማነው የላከሽ?»

ጥፍሬን አሳየሁት። «ቀቢ መሆንሽን እኔም አምናለሁ» አለ፣ «ማን እንዳስቀባሽ ጥፍርሽ አይናገርም።» ባለ ሱቁ ሊያግዘኝ ሞከረ፣ ኦቦ በለሰለሰ ድምፅ ሞከሩ፤ ሰውየው ግንብ ሆነ። አልፈረድኩበትም። አምስት ነፍስ በትከሻው ላይ ነው።

«የቤተ ክርስቲያኑ አጥር በዚሁ ቀለም ነው የተቀባው» አልኩት በመጨረሻ። «የተረፈውን ነው የወሰድኩት። ከታች ነው፤ ና ውረድና እይ። ቀለሙ አንድ ካልሆነ ነገ እናትህን ጫን።»

«ለአጥር ጊዜ የለኝም» አለና በሩን ሊዘጋ ሲል ከውስጥ፣ ከጥጉ፣ የአሮጊቷ ድምፅ መጣ።

«እኔ አያለሁ አጥሩን።»

ዞረ። «እማ፣ አንቺ ዝም በይ።»

«ቤተ ክርስቲያን የለም አልከኝ። አጥር ካለው አለ ማለት ነው።»

ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እናትየው ቀጠሉ፣ ቃል በቃል እየመረጡ። «አጥሩን ሳላይ መኪና ላይ አልወጣም። ልታስሩኝ ትችላላችሁ፤ እሺ ብዬ ግን አልወጣም።»

ልጅየው በሩ መቃን ላይ ተደገፈ። የተናገረው ለእናቱ ይሁን ለእኛ አላውቅም። «እንዴት አድርጌ ላወርድሽ ነበር? እሁድም እሠራለሁ። ባልሠራ ምን ትበያለሽ? አለ ብልሽ ውሰደኝ ትይኛለሽ፤ በየሳምንቱ አልችልም ከምልሽ የለም ማለት ቀለለኝ። ብቻዬን እኮ ነኝ።»

«ብቻህን?» አለች ሽንኩርት ነጋዴዋ ከኋላዬ። «እኛ ግድግዳ ነን እንዴ? አንድ ቀን አግዙኝ ብለህ ታውቃለህ?»

«እንግዲያው ነገ በጠዋት አግዙኝ» አለ፣ «አጥሩን ትይ፤ መኪናው የሚመጣው አራት ሰዓት ነው።»

እሁድ ጠዋት ዳገቱ ላይ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰው ይጠብቃል። የእድሩን ቃሬዛ አምጥተው ነበር። አሮጊቷ ቃሬዛውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሱ አንድ ቀን እወርዳለሁ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ነው የምሄደው» አሉ። ባለ ሱቁ ሮጦ ከሱቁ ባለ መደገፊያ የእንጨት ወንበሩን አመጣ፤ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ከግራና ከቀኝ ታሰረበት። ምራትየዋ ነጭ ነጠላ አለበሰቻቸው። አራት ሰው ተሸከመ፤ ልጃቸው አንዱ ነበር፤ ለነገሩ የመጣሁት አጥር ለማየት ነው እያለ። ጭቃው አንዱን ሲያንሸራትተው ሌላው ይይዛል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዝዛል፣ ቀስ፣ ወደ ግራ፣ ቆይ፣ ያዝ! አሮጊቷ ከላይ ሆነው እንደ ንግሥት ሰፈሩን ያዩ ነበር። አራት ዓመት የኖሩበትን ሰፈር ገና ማየታቸው ነበር።

አጥሩ ጋ ስንደርስ ልጅየው አጣናውን ለሌላ ሰጥቶ ሄደ። ቀዩን ብረት በእጁ ነካው። በጥፍሩ ፋቀው፤ ከኪሱ ከበሩ ላይ የፋቀውን ስባሪ አውጥቶ አስጠግቶ አየው። ማታውኑ ፍቆ አስቀምጦ ኖሯል። ከዚያ ተመለሰና እኔን «ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፣ አንቺ አልኩዎት» አለኝ። እኔ ይቅርታ ልጠይቀው ሲገባኝ እሱ ጠየቀኝ። ደወሉ ተደወለ፤ እናቱን ራሱ አቅፎ አስገባቸው። ባለ ሱቁና ሌሎቹ ከአጥሩ ጥግ ቆመው ጠበቁን።

ቅዳሴው በአማርኛ ነበር። አሮጊቷ መጽሐፉን አያውቁትም፤ ዜማውንም አያውቁትም፤ ዓይናቸው ግን ከመንበሩ አልተነቀለም። «አባታችን ሆይ» ላይ ሲደረስ ሁላችንም በአማርኛ ጀመርን፣ እሳቸው በሀዲይኛ ጀመሩ። አንደበታቸው ከስትሮኩ ወዲህ ከባድ ነው፤ ወደ ኋላ ቀሩ። እኛ ጨርሰን ዝም ስንል እሳቸው ገና ግማሽ ላይ ናቸው። አባ ሊቀጥሉ እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ መልሰው አወረዱት። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ቆሞ ጠበቀ። አንድ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው፣ የተጎተተ፣ የማይፈራ ድምፅ። ከዚያ አጠገባቸው ያለው ልጃቸው በዚያው ቋንቋ አብሯቸው ይል ጀመር፤ እስከ መጨረሻው አብረው ደረሱ። ሕዝቡ ሁሉ «አሜን» ሲል ጣሪያው የሚነሳ መሰለኝ። እኔ የማለቅስ ሴት አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ነጠላዬ ረጠበ። ቅዱስ ቁርባኑን ሲቀበሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ፊታቸው አሁን ሞላ።

ስንመለስ ዳገቱን የሚሸከም ጠፍቶ ሳይሆን በዝቶ ተጣሉ። ሽንኩርት ነጋዴዋ «ወንድ ብቻ ነው እንዴ ትከሻ ያለው?» ብላ አንዱን ገፍታ ያዘች። ልጃቸው ከፊት፣ ባለ ሱቁ ከጎኑ ነበሩ። ግማሽ መንገድ ላይ የልጅየው ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አራት ሰዓት ሆኗል፤ የጭነት መኪናው ሹፌር ነው። ሁለት እጁ አጣናው ላይ ስለሆነ ማንሳት አልቻለም። እናቱ በግራ እጃቸው ጎንበስ ብለው ከሸሚዙ ኪስ አወጡት፤ «አረንጓዴውን ነው» አላቸው፤ ተጫኑት።

«የት ናችሁ? መጥቻለሁ እኮ!» ይላል ሹፌሩ፣ ሁላችንም ይሰማናል።

«ሂድ ልጄ» አሉት አሮጊቷ። «አልሄድም። እሁድ እሁድ ሥራ አለብኝ።»